ማይተር ሶ ከመግዛትዎ በፊት እንጨትዎን ይለኩ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ቤቴ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። የፎቶ ክፈፍ፣ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ እንጨት)፣ አነስተኛ ጠረጴዛ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ መደርደሪያ እሰራለሁ። እስካሁን የምቆርጠው በእጅ መጋዝ ነው፤ ማዕዘኖቼ አይገጥሙም። ኮምፓውንድ ማይተር ሶ ለመግዛት ወስኛለሁ። 12 ኢንች ተንሸራታቹን ልውሰድ ወይስ ተራውን 10 ኢንች? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ‹ትልቁን ግዛ፣ አትቆጭም› ይለኛል።»

ማዕዘን አልገጥም ሲል ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ለክተው፣ ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ መጨረሻ ላይ አራተኛው ማዕዘን አፉን ከፍቶ ሲያዩት ያማል። ስለዚህ መልሴን ላስቀድምና ምክንያቱን ልከተል። ለዘረዘሩት ሥራ ተራው 10 ኢንች ይበቃዎታል (ኢንቹ የዲስኩ ስፋት ነው)። መደርደሪያ ቶሎ ቶሎ የሚሰሩ ከሆነ ብቻ ተንሸራታች ይውሰዱ፤ ያኔም ቢሆን 10 ኢንቹን ወይም 216 ሚሊሜትሩን። 12 ኢንች ተንሸራታቹን ለእርስዎ ወርክሾፕ አልመክርም። ገንዘብዎን አንዴ ያስተካከሉትን ማዕዘን ሳይለቅ በሚይዝ መጋዝ ላይ ያውሉት፤ የዲስኩ ትልቅነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ማይተር ሶ የሚባለው ጭንቅላቱ (ሞተሩና ዲስኩ ያሉበት ክፍል) ከላይ ወደ ታች ወርዶ እንጨትን በወርዱ የሚቆርጥ መጋዝ ነው። የታችኛው ክብ ጠረጴዛ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር የክፈፍ ማዕዘን ይቆርጣል። «ኮምፓውንድ» ሲባል ደግሞ ከመዞሩ በተጨማሪ ዲስኩ ራሱ ወደ ጎን ይጋደማል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል። ዲስኩ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚጋደም አለ፤ በሁለቱም በኩል የሚጋደም አለ። «ተንሸራታች» ደግሞ ጭንቅላቱ በዘንግ ላይ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ነው፤ ሰፊ ጣውላ ለመቁረጥ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚገባው። ይህ መጋዝ እንጨትን በርዝመቱ አይሰነጥቅም። ሰፊ ጣውላን ወደ ቀጫጭን ሊስቴሎ መለወጥ ከፈለጉ የጠረጴዛ መጋዝ ወይም በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ያስፈልግዎታል። በማይተር ሶ መሞከር አደገኛ ነው።

አሁን ሜትርዎን ያንሱና ባለፈው አንድ ዓመት የሰሩትን ሁሉ ይለኩ። የክፈፍ እንጨት 4 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ዞኮሎ ከ8 እስከ 12። የጠረጴዛ እግር ቢወፍር 7 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር። ተራው 10 ኢንች መጋዝ፣ ማለትም ዲስኩ 254 ሚሊሜትር የሆነው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይቆርጣል። በ45 ዲግሪ ወደ 9 ተኩል ይወርዳል። ዞኮሎ ወርዱ ከዚያ ቢበልጥም ችግር የለም፤ ጀርባውን እንጨቱ ከኋላ ወደሚደገፍበት ብረት፣ ወደ መደገፊያው፣ አስጠግተው ያቆሙታል። ቁመቱ መጋዙ ከሚችለው እንዳይበልጥ ብቻ መመሪያውን ይዩ። ከእርስዎ ሥራ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ የሚያልፈው መደርደሪያው ነው። የመደርደሪያ ጣውላ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ይህን ተራው 10 ኢንች አይችለውም። ተራው 12 ኢንችም እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። እስከ 30 የሚደርሰው ተንሸራታቹ ነው። ግን «አልፎ አልፎ» ብለዋል። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሰፊ ጣውላ በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝና በሞርሳ የታሰረ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይበቃል። እንዲያውም ለኮምፔርሳቶና ለኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ ለሚሰራ ገበታ) ይህ መንገድ ይሻላል፤ ትልቅ ገበታ ማይተር ሶ ላይ አይሸከሙትም።

ተንሸራታቹ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው ቦታ ነው። ብዙዎቹ ዘንጎቻቸው ወደ ኋላ ስለሚወጡ ከግድግዳ ራቅ ብለው መቀመጥ አለባቸው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው መላላት ነው። ጭንቅላቱ በዘንግ ላይ ርቆ ሲወጣ ትንሽ ወደ ጎን የመወዛወዝ ዕድል ያገኛል። ጥሩዎቹ ይህን ያሸንፉታል፤ ርካሾቹ አያሸንፉትም። ርካሽ ተንሸራታች ከማየት በተመሳሳይ ገንዘብ ጥሩ ተራ መጋዝ ማየት ይሻለኛል። ክብደቱም አለ። ተራ 10 ኢንች ከ11 እስከ 15 ኪሎ ነው፣ አንድ ሰው ያነሳዋል። 12 ኢንች ተንሸራታች 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ከመደርደሪያ ሥር አውጥተው ሰርተው የሚመልሱ ከሆነ ወገብዎ ያውቀዋል።

የ12 ኢንች ዲስክም ሌላ ጣጣ አለው። ዲስኩ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ከመሃሉ ይርቃል፤ ስለዚህ ጠንካራ እንጨት ሲገፋው በቀላሉ ይታጠፋል። መታጠፉ በዓይን አይታይም፣ በማዕዘኑ ላይ ግን ይታያል። ዲስኩ ሲተካም ሆነ ሲሳል ብዙ ያስወጣል። ትልቁን ግዛ የሚሉዎት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ወፍራም ሞራሌ ሲቆርጥ ለሚውል አናጢ ትልቁ ትክክል ነው። እርስዎ ክፈፍ ነው የሚሰሩት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ማዕዘኑ። ባለ አራት ጎን ክፈፍ ስምንት ቁርጥ አለው። መጋዝዎ በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ስምንቱ ተደምረው 2 ዲግሪ ይሆናሉ። ሦስቱን ማዕዘን አጥብቀው ቢያጣብቁ ስህተቱ ሁሉ አራተኛው ላይ ይከማቻል። እንጨቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ የቁርጡ ርዝመት 8 ተኩል ይሆናል፤ በ2 ዲግሪ ጫፉ ላይ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ያያሉ። በኮላ የሚሞላ ክፍተት አይደለም። ሩብ ዲግሪ ደግሞ መጋዙ ላይ ባለው ቁጥር ላይ ከመስመሩ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው ዲስኩ ስንት ኢንች ነው ከሚለው በፊት ይህ መጋዝ ልኩን ይይዛል ወይ ብለው መጠየቅ ያለብዎት።

እንዴት ይታወቃል? ሱቅ ውስጥ ሳይሰካ መሞከር ይቻላል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አውርደው እጀታውን በእርጋታ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። ጭንቅላቱ ከገላው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ከተሰማዎት ይተዉት። ተንሸራታች ከሆነ እስከ መጨረሻው ስበው ይህንኑ ይድገሙ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን 45 ላይ ያድርጉት። ቀጭ ብሎ ይይዛል። ከያዘ በኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ማረፊያው ውስጥ ልል ከሆነ ሁልጊዜ የተለየ 45 ያገኛሉ። ከዚያ 44 ተኩል ላይ ለማሰር ይሞክሩ። ብዙ ደካማ መጋዞች ሲያስሯቸው ተንሸራተው ወደ 45ቱ ማረፊያ ይወድቃሉ። የቤት ግድግዳ እምብዛም ትክክለኛ 90 ስለማይሆን ዞኮሎ ሲሰሩ ግማሽ ዲግሪ መቀነስና መጨመር የየዕለት ሥራ ነው። ይህን የማይፈቅድ መጋዝ ያማርርዎታል።

ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። እንጨቱ ከኋላ የሚደገፍበት ብረት፣ መደገፊያው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ አለው። ማስመሪያውን በሁለቱም ላይ ያስደግፉት። ብርሃን በመካከል ካለፈ ሁለቱ ክንፎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። በአንዳንድ መጋዝ በብሎን ይስተካከላል፤ በአንዳንዱ ደግሞ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ የተሰራ ስለሆነ ጠማማ ከሆነ ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

ቤት ከገባ በኋላ የፋብሪካውን ልክ አይመኑ። መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ወስደው አንድ ጎኑን መደገፊያው ላይ፣ ሌላውን ዲስኩ ላይ ያድርጉ። የዲስኩን ጥርስ እንዳይነካ፣ ገላውን ብቻ ይንካ። ከዚያ እውነተኛው ፈተና አለ፣ ስኳድራም አያስፈልገውም። ሁለቱ ጠርዞቹ እኩል የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጣውላ መሃሉ ላይ በ90 ይቁረጡ። አንዱን ቁራጭ ብቻ ገልብጠው ሁለቱን ጫፎች መደገፊያው ላይ አጋጥሙ። ከገጠሙ ልኩ ትክክል ነው። ክፍተት ካለ የሚያዩት የስህተቱን እጥፍ ነው፤ ግማሹን ብቻ ያስተካክሉ። መጋደሙንም እንዲሁ ይፈትሹ፣ እንጨቱን በጠርዙ አቁመው። ለ45 ደግሞ ሁለት ቁራጭ ቆርጠው ያጋጥሙና በስኳድራ 90 መሆኑን ይዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ምክንያቱም በእኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ቀን ሙሉ ማዕዘን ሳስተካክል ቆየሁ፣ ክፈፉ ግን አሁንም አልገጥምም አለ። ችግሩ ማዕዘኑ አልነበረም። ትይዩ የሆኑት ሁለት ጎኖች ርዝመታቸው በአንድ ሚሊሜትር ይበላለጥ ነበር። ማዕዘኑ ፍጹም ቢሆን እንኳ ርዝመታቸው የማይመሳሰል ጎኖች አይዘጉም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጎን በሜትር ለክቼ አልቆርጥም። መደገፊያው ላይ ማገጃ እንጨት በሞርሳ አስራለሁ፤ እንጨቱን ገፍቼ ማገጃው ላይ አስደግፌ እቆርጣለሁ። ሁለቱ ጎኖች መንታ ይሆናሉ። የማገጃውን የታች ጠርዝ ትንሽ ይላጉት፣ ሰጋቱራ እየተከማቸ ልኩን እንዳይነጥቅዎት። ማገጃው ከዲስኩ በአንድ በኩል ብቻ ይሁን። በሌላው በኩል የሚወድቀው ቁራጭ ነፃ መሆን አለበት፤ በዲስክና በማገጃ መካከል ከተጠመደ እንደ ጥይት ይወነጨፋል።

ዲስኩን ችላ አይበሉ። ከመጋዙ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 40 ጥርስ ያለው ለሻካራ ሥራ የታሰበ ዲስክ ነው። ለክፈፍ ይሸራርፋል። መካከለኛ መጋዝ በጥሩ ዲስክ፣ ውድ መጋዝ በመጥፎ ዲስክ ከሚሰራው ይበልጥ ንጹህ ይቆርጣል። ለ10 ኢንች ባለ 60 ወይም ባለ 80 ጥርስ ይግዙ፤ ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ጫፍ ያለው። ከጥርሱ ብዛት ሌላ ማየት ያለብዎት የጥርሱን ዝንባሌ ነው። ለማይተር ሶ የሚሆነው ጥርሱ ወደፊት ብዙ ያላዘነበለ፣ ከ-5 እስከ +5 ዲግሪ ያለው ነው። ለጠረጴዛ መጋዝ የተሰራ ዲስክ ጥርሱ 15 ወይም 20 ዲግሪ ወደፊት ሊያዘነብል ይችላል። ያ ዲስክ እዚህ እንጨቱን ይነክስና ጭንቅላቱን ወደ ታች ይጎትታል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ተጽፈው ያገኟቸዋል። የመሃሉ ቀዳዳም ከመጋዝዎ ጋር ይግጠም፤ 30 ሚሊሜትር፣ 25.4 ወይም 15.9 ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከመጋዙ ዙር ማነስ የለበትም። ለመቀየር ሲሄዱ ብሎኑ እምቢ ካለዎት በጉልበት አይፋለሙት። በአብዛኞቹ መጋዞች ላይ በግራ ጥርስ የተሰራ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው።

በሁለት በኩል የሚጋደመውን ጠይቀው ባያውቁም ሻጩ ይጠይቅዎታል። ጥቅሙ ረጅም እንጨትን ሳይገለብጡ ሁለቱንም ጫፍ መቁረጥ ነው። ከጣሪያ ሥር የሚሄድ ወርዱ ያጋደለ ሊስቴሎ ለሚሰራ ሰው ጊዜ ይቆጥባል። በነገራችን ላይ ብዙ መጋዞች ላይ 31.6 ዲግሪ ላይ ያለችው እንግዳ ማረፊያ ለዚያ ሥራ የተቀመጠች ናት።  እርስዎ ግን በአንድ በኩል የሚጋደመው ይበቃዎታል።

መስመር አመልካቹ ሁለት ዓይነት ነው። ሌዘሩ ከልኩ ሊወጣ ስለሚችል በየጊዜው መታየት ይፈልጋል። የዲስኩን ጥላ እንጨቱ ላይ የሚጥለው መብራት ግን አይዋሽም፤ ጥላው የዲስኩ ራሱ ነውና ማስተካከል አያስፈልገውም። ምርጫ ካለዎት ጥላውን ይውሰዱ። ከሌለ ግን በዚህ ምክንያት መጋዝ አይቀይሩ።

ባትሪ ወይስ ገመድ? ወርክሾፕዎ መብራት ካለው ገመድ። ማራዘሚያው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ሞተሩ ኃይል እያጠረው ይሞቃል፤ ወፈር ያለ ገመድ ይጠቀሙ።

ለመጋዙ የሚሆን ማስቀመጫ ያስቡበት። የመጋዙ የራሱ ጠረጴዛ አጭር ነው። 2 ሜትር የሚሆን ሊስቴሎ ከአንድ ወገን ሲንጠለጠል ከዲስኩ ስር ይነሳል፣ ማዕዘኑም ይበላሻል። ከመጋዙ ጠረጴዛ ጋር እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ግራና ቀኝ ይስሩ። እጅ ማፍታቻ የሚሆን ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው። መደገፊያውና ጠረጴዛው ላይም ስስ ኤምዲኤፍ ለጥፈው አንዴ ይቁረጡበት። ዲስኩ የሚያልፍበት ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ስለሚቀር የእንጨቱ ጀርባ መሸራረፉ በጣም ይቀንሳል። ቁርጥዎ የት ላይ እንደሚያርፍም ስንጥቁ ያሳይዎታል።

ስለ ሰጋቱራው በቁም ነገር ልናገር። ከመጋዙ ጋር የምትመጣው ከረጢት ከሚወጣው ትንሹን ነው የምትይዘው። ደቃቁ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ቤትዎ ደግሞ ዝግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ኤምዲኤፍ ላይ ደግሞ በማጣበቂያው ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ ይጨመራል፤ እርሱም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቫኪዩም የሚገጥምለት መውጫ ያለው መጋዝ ይምረጡ፣ ቫኪዩሙን ያገናኙ፣ በዚያ ላይ ለብናኝ የተሰራ ማስክ ያድርጉ። መነፅርና የጆሮ መሸፈኛም አይቀሩም፤ ድምፁ 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ክፍሉ ውስጥ ልጆች ካሉ ከማስነሳትዎ በፊት ያስወጧቸው።

አቆራረጡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትክክል ይልመዱት፣ በኋላ ማረም ይከብዳል። እጅዎ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቁራጩ ይህን ያህል ካላስቻለዎት በሞርሳ ይታሰር ወይም ከረጅም እንጨት ላይ ይቆረጥ። እጆችዎን አያጣምሩ፤ ግራ እጅ በዲስኩ ቀኝ በኩል አይያዝ። እንጨቱ ከጎበጠ የጎበጠው ጎኑ መደገፊያው ላይ ይረፍ፣ በሚቆረጥበት ቦታ ክፍተት እንዳይኖር። አለበለዚያ ሲቆረጥ ዲስኩን ጨምቆ ይይዘዋል። ማስነሻውን ተጭነው ዲስኩ ሙሉ ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ይጠብቁ፣ ከዚያ በእርጋታ ያውርዱ። ከቆረጡ በኋላ ማስነሻውን ለቀው ዲስኩ ታች እንዳለ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከዚያ ያንሱ። ብዙ ቆንጆ ቁርጥ የሚበላሸው፣ ትንንሽ ቁራጭም የሚፈናጠረው እየዞረ ሲነሳ ነው። ተንሸራታች ከገዙ ደግሞ ጭንቅላቱን ባዶውን ወደራስዎ ይሳቡ፣ ያውርዱ፣ እየገፉ ይቁረጡ። እየሳቡ መቁረጥ ዲስኩ እንጨቱ ላይ እንዲወጣና ወደ እርስዎ እንዲመጣ ያደርጋል።

ያገለገለ መጋዝ ካገኙም አይናቁት። አስነስተው ይስሙት፤ የሚያፋጭ ድምፅ ኩሽኔታው እንዳለቀ ያሳያል። የታችኛው መከለያ ጭንቅላቱ ሲነሳ በራሱ መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ወይም ባለቤቱ ፈትቶ ጥሎት ከሆነ አይውሰዱት። ካርቦኑ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ትንሽ ቁራጭ) አልቆ ከሆነ ቀላል ነው፣ ይቀየራል። ጭንቅላቱ ከላላ ግን መፍትሔ የለውም።

ሱቅ ሄደው ሁለት ወይም ሦስት ሞዴል ከፈተሹ በኋላ የትኛው ላይ እንዳመነቱ ይጻፉልኝ። የጭንቅላቱ መወዛወዝ፣ 44 ተኩሉ መያዝ አለመያዙ፣ ማስመሪያው መደገፊያው ላይ ምን እንዳሳየዎት፣ እነዚህን ሦስቱን ከነገሩኝ አብረን እንመርጣለን።